የደወሉ ጉድጓድ

«መንገድ! መንገድ ልቀቁ እናንተ! ጭቃ ሠሪዋ መጣች!»

ወናፍ ነፊው ከፊት ከፊት እየሮጠ ሰውን በክርኑ ይገፋል። ሴትዮዋ የቀሚሷን ጫፍ በመቀነቷ ሸጉጣ፣ እጆቿ እስከ ክርን ጭቃ እንደለበሱ ትከተለዋለች። የአንጥረኞቹ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር በሰው ታፍኗል። እናቶች ሕፃናት ታቅፈው፣ ወታደሮች ጦራቸውን ተደግፈው፣ ጎረምሶች ግንብ ላይ ተንጠላጥለው፣ ሁሉም ዓይኑን አንድ ግቢ ላይ ተክሏል። ከግቢው ውስጥ እቶኑ እንደታሰረ አውሬ ያጓራል።

«የእርጥቡ ሚስት ናት» አለች አንዷ ከመንገድ ዳር። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል።

ሴትዮዋ ዞር አላለችም። ይህን ስም ከባሏ ቀብር ማግስት ጀምሮ ተሸክማው ኖራለች።

ባሏም ጭቃ ሠሪ ነበር። ደወል የሚፈስበትን የጭቃ ቅርጽ ሠርቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተክሎ የሚያደርቀው እሱ ነው። የዚህ ሥራ ጠላቱ ውሃ ነው። የቀለጠ ነሐስ እርጥብ ጭቃ ካገኘ፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ ቅርጹን ከነጉድጓዱ ፈንቅሎ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። ስለዚህ ጭቃ ሠሪው በቅርጹ መተንፈሻዎች አፍ ላይ የእጁን ጀርባ ያሳርፋል። መዳፍ በሥራ ብዛት ደንድኖ ያታልላል፤ የእጅ ጀርባ ግን ቆዳው ስስ ነው፣ እርጥበትን ያውቃል። ከጭቃ ሠሪው አፍ «ደርቋል» የሚለው ቃል ሳይወጣ የቀለጠውን ነሐስ ያገደው የእቶኑ ውታፍ አይነቀልም። የሙያው ሕግ ይኸው ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ።

ከብዙ ዓመት በፊት የከተማይቱ ትልቅ ደወል በሚፈስበት ቀን ጉድጓዱ ፈነዳ። ባሏ እዚያው ቀረ። የሥራው አለቃ፣ የባሏ የልብ ጓደኛ፣ ከቤቷ በልቶ የማይጠግበው ሰው፣ ቀኝ እጁ ተቃጥሎ ተረፈ። ሲጠየቅ «ጭቃ ሠሪው ደርቋል ብሎኝ ነው» አለ። ቁስሉ ሲሽር ከከተማው ጠፋ። ለሟቹ «እርጥቡ» የሚል ስም ተረፈለት።

እሷ ግን ባሏን ታውቀዋለች። እንኳን የደወል ቅርጽ፣ የታጠበ ሸሚዙን እንኳ ደጋግሞ ሳይዳስስ አይለብስም ነበር። ስለዚህ ከተማው ያለውን ይበል ብላ ሙያውን ይዛ ቆየች። ጡብ ሠራች፣ የውሃ ቱቦ ሠራች፣ የምድጃ አፍ ጠገነች። ገዢው አዲስ ደወል ይፈስ ብሎ ባስነገረ ጊዜ ሄዳ በሩን ደበደበች። «ቅርጹን የምሠራው እኔ ነኝ» አለች። ዘበኞቹ ሳቁባት፤ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሲሰለቻቸው አስገቧት። ነገሩ ሌላ አይደለም፤ የዚያ ቤት እጅ ደረቅ ቅርጽ እንደሚሠራ ከተማው በዓይኑ እንዲያይ ነው።

የሥራው አለቃ ማን እንደሆነ ያወቀችው ሥራውን ከተረከበች በኋላ ነበር። ከገዳም የመጣ፣ ሽበት የወረሰው፣ ቀኝ እጁን በጨርቅ የጠቀለለ ሰው። ያው እሱ ራሱ።

ጥላ መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም፤ እልኸኛ ናት። ግን አንዲት ቃል አላናገረችውም። የምትለውን ሁሉ በወናፍ ነፊው በኩል ነው የምትልከው።

«አለቃውን ንገረው፤ የውስጠኛው ጭቃ የፍየል ፀጉር ይጎድለዋል» ትላለች፣ አለቃው አጠገቧ ቆሞ።

«አለቃ፣ ፀጉር ይጎድለዋል ይላሉ።»

«ሰምቻለሁ። ይጨመር በላቸው።»

«እትዬ፣ ይጨመር ይላሉ። ኧረ እባካችሁ፣ ወናፍ መንፋቱ ይበቃኛል፤ ወሬ ስነፋ ደግሞ ሳንባዬ ሊያልቅ ነው!»

ሌላም ነገር ነበረባት፤ ይህንን የሚያውቁት የንስሐ አባቷ ብቻ ናቸው። ጌታ ያስተማረውን ጸሎት ስትደግም፣ የበደሉንን ስለ መማር ከሚናገረው ቦታ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች። ሰው ሁሉ ያንን ብሎ ሲያልፍ ጠብቃ ከቀጣዩ ቃል ትገባለች። አንድ ቀን አባ አዩአት።

«ለምንድነው የምትዘዪው?»

«ታዲያ እግዚአብሔርን ልዋሸው፣ አባ?»

 «አትዋሺው» አሏት። «ግን ቦታውን በእልህም በምንም አትሙዪው። ባዶውን ክፍት አድርገሽ ተዪለት።»

ያንን ቦታ እንዲህ ክፍቱን ይዛው ነው እስከ ዛሬ የመጣችው።

ግቢው ውስጥ ሙቀቱ ፊትን ይለበልባል። መዳቡ እቶኑ ሆድ ውስጥ ቀልጦ ይንተከተካል፤ ነሐስ የሚያደርገው ቆርቆሮ ገና አልተጨመረም። ገዢው፣ የአባቱን ሹመት የወረሰ ወጣት፣ ከጥላ ሥር በባለመደገፊያ ወንበሩ ተቀምጧል። ጳጳሱ ነገ ከተማው ይገባሉ፤ ደወሉ ፈስሶ ሊያዩ ቃል ተገብቶላቸዋል። አባ በአንድ ጥግ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል።

አለቃው የእጁን ጨርቅ ሲፈታ ደረሰች። የእጁ ጀርባ እንደ አሮጌ ቆዳ ተጨማዶ ያብለጨልጫል።

«እትዬን ንገርልኝ» አለው ወናፍ ነፊውን። «ይህ እጅ ከዚያን ቀን ወዲህ እሳትና በረዶ አይለይም። ደርቋል፣ አልደረቀም የሚለው የእሳቸው ቃል ብቻ ነው። እኔ አላጣራም። ውታፉንም የምነቅለው ብቻዬን ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ከግንቡ ኋላ ይሁን።»

ወናፍ ነፊው አፉን ከፈተ፤ ቀልድ ፈልጎ አጣ። «እትዬ... ሰምተዋል።»

ሰምታለች። ነገሩ እስኪገባት ግን ወደ ጉድጓዱ ወርዳ ተንበርክካ ነበር። ቅርጹ በተደቀደቀ አፈር ተቀብሯል፤ ከላይ ብቅ ያሉት የነሐሱ መግቢያና ሦስቱ የሸክላ መተንፈሻዎች ብቻ ናቸው። ይህ ሰው ነፍሱን እጇ ላይ አስቀምጦ ሄዷል። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ከግንቡ ወዲህ የሚቆመው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ማንም አይጎዳም።

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በመጀመሪያው መተንፈሻ አፍ ላይ አሳረፈች። የሚወጣው አየር ደረቅ፣ ለብ ያለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆዳዋ ደነገጠ። ከውስጥ የሚመጣው ትንፋሽ እርጥብ ነበር።

ቀና ብላ የጉድጓዱን ጠርዝ አየች። በዚያ በኩል አፈሩ ጠቁሯል። ጠዋት የገዢው አሽከሮች ጌታቸውን አቧራ እንዳያስነጥሰው ብለው ግቢውን ውሃ ረጭተውታል። የደወል ግቢ ውሃ እንደማይረጭበት የነገራቸው የለም። ውሃው ቁልቁል ተስቦ የቅርጹን ጎን አግኝቷል።

እንግዲህ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። «ደርቋል» ብትል ማን ያውቃል? ውሃው እሷ ከዳሰሰች በኋላ ወረደ ይባላል።  ቀና ስትል አለቃው ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያታል። ዓይኑ አይለምንም፤ የመጣውን ለመቀበል የቆመ ሰው ዓይን ነው። ያኔ ገባት። ነፍሱን ያቀረበላት አውቆ ነው።

ፈራች። እሱን አይደለም የፈራችው። ከእጇ ሥር የሚተነፍሰውን ያን ጨለማ፣ ከራሷ ውስጥ የሚተነፍሰውንም ፈራች።

«ንገረው» አለች፤ ድምፅዋ ሻከረ። «እርጥብ ነው በለው።»

ወናፍ ነፊው ማስተላለፍ አላስፈለገውም፤ ግቢው በሙሉ ሰምቷል። ገዢው ከወንበሩ ተነሳ።

«ምን ማለት ነው እርጥብ? ስንት ቀን ስታደርቁት አልከረማችሁም?»

«ግቢው ውሃ ተረጭቶበታል፣ ጌታዬ» አለች። «አሽከሮችዎ ናቸው።»

አሽከሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ገዢው ፊቱ ቀላ።

«ለጳጳሱ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሕዝቡም ቆሟል። ለአንድ ባልዲ ውሃ ይህ ሁሉ ሰው አይመለስም። አለቃ፣ አፍስስ!»

አለቃው የብረት ዘንጉን ይዞ ነበር። አየው፣ አየውና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ጌታዬ፣ ይህንን ትእዛዝ እዚህችው ቦታ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያኔ እሺ አልኩ። አሁን እንቢ ነው።»

«አንገትህ ከበደህ?»

«አንገቴማ ድሮውኑ የሰው ዕዳ ነው።» ወደ ሕዝቡ ዞረ። ድምፁ የለመደው ጩኸት አይደለም፤ ግን እቶኑ ራሱ ያዳመጠው ይመስል ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። «ያን ቀን ጭቃ ሠሪው እጁን እዚያ ላይ አሳርፎ ቀና አለና እርጥብ ነው አለኝ። ሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ በጆሮዬ ነው የነገረኝ። ጌቶች ቆመው ይጠብቃሉ፤ እኔም ስሜ እንዳይጎድፍ ሳሳሁ። አንተ ዝም በል፣ እኔ አውቃለሁ አልኩትና ነቀልኩት። ከሞተ በኋላ ደግሞ ደርቋል ብሎኝ ነው አልኩ። ዋሽቼ ነው። ሰውየውን ገደልኩት፤ ስሙንም በቁሙ ቀበርኩት። እርጥቡ እሱ አይደለም። እርጥቡ እኔ ነኝ።»

 ያቺ ከመንገድ ዳር የተናገረችው ሴት አፏን በእጇ ከድናለች።

ገዢው ቀስ ብሎ ጠየቀ። «ያኔ አፍስስ ያሉህ አባቴ ነበሩ?»

«አባትዎ ነበሩ። እርጥብ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም። ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እግዚአብሔር ያውቃል። ይህ ነገር ለሁለት አይከፈልም፣ ጌታዬ። የእኔ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

«ሸሽቼ ነበር። ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት አባ ዘንድ ነው። ጾም ስጡኝ አልኳቸው፤ ስግደት ስጡኝ አልኳቸው። እሱ ይቀልሃል፤ ከሸሸህበት ጉድጓድ አፍ ተመለስ አሉኝ። ውሸቴን የሰማው ከተማው ሁሉ ስለሆነ እውነቱንም ሁሉም በተሰበሰበበት ልናገር ብዬ ዛሬን ጠበቅሁ። ከፈሰሰ በኋላ ልናገር ነበር ያሰብኩት። ፈርቼም ይሆናል ያቆየሁት።»

ሴትዮዋ ወደ አባ ዞረች። ያውቁ ነበር ማለት ነው። በየሳምንቱ እሷን ሲሰሙ፣ የእሱንም በሆዳቸው ይዘው። አባ ቀና ብለው አላዩአትም። ምርኩዛቸውን እየተደገፉ መጡና ከጉድጓዱ ጠርዝ፣ ከጠቆረው አፈር ላይ ተቀመጡ።

«የሚፈስ ከሆነ እኔም እዚሁ ነኝ፣ ልጄ» አሉት ገዢውን፤ አንድ ሰው ፀሐይ ልሙቅ እንደሚል ቀለል አድርገው።

ገዢው እሳቸውን አየ፣ አለቃውን አየ፣ ወንበሩን አየ። አባቱም የተቀመጡበት ወንበር ነበር። አልተቀመጠበትም።

«መቼ ይደርቃል?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ» አለች ሴትዮዋ። «አሽከሮችዎ ባልዲያቸውን ካስቀመጡ።»

ከግንቡ ላይ አንድ ጎረምሳ ሳቅ አመለጠው። ገዢውም ሳይወድ ፈገግ አለና በእጁ ሂዱ፣ ሥሩ የሚል ምልክት ሰጠ።

መዳቡ እንዳይበላሽ ላዩን በከሰል አለበሱት፤ ወናፉ በዝግታ እንዲነፋ ተደረገ። ከጉድጓዱ ጎን ወደ ቅርጹ ሆድ የሚያስገባ ጠባብ ቦይ አለ። እሷና አለቃው እርጥቡን አፈር እየዛቁ አወጡ፤ ከዚያ ቦዩ ውስጥ ጎን ለጎን ተንበርክከው ፍም ወደ ውስጥ ይገፉ ጀመር። ላብ ከግንባራቸው እየተንጠባጠበ ነበር፤ እሷ በክንዷ ትጠርገዋለች፣ ጠብታ እንኳ እንዳይገባ።

ብዙ ቆይታ ለወናፍ ነፊው ተናገረች።

«ጠይቀው። ባሌ እርጥብ መሆኑን ካወቀ ለምን አልራቀም? ለምን አጠገቡ ቆመ?»

ወናፍ ነፊው ከላይ ሆኖ እጀታውን ለቀቀ። «እትዬ፣ ስለ ፈጣሪ፣ ይህንንስ እኔ አልጠይቅም። አፌ አይችለውም።»

ስለዚህ ዞረች። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ፊቱን ከቅርብ አየችው። አርጅቷል።

«ለምን ቆመ?» አለችው።

«ራቅ በል ብዬው ነበር፣ እህቴ። ብቻህን አልተውህም አለኝ።»

ፍሙ ፈካ፣ ደበዘዘ፣ ፈካ። ልታለቅስ መስሏት ነበር፤ ለቅሶ አልመጣም። የመጣው ዝምታ ነው፤ ሰፊ፣ ጣሪያው የማይታይ። ባሏ አውቆ ነው የቆመው። ሊሞት እንደሚችል እያወቀ፣ ለሚያጠፋው ጓደኛው እየሳሳ። ይቅርታውን እዚያው ጨርሶ ሄዷል። ታዲያ እሷ በስሙ ስትጠብቀው የኖረችው ቂም የማን ነበር? ባለቤት ለሌለው ዕቃ በር ላይ ቆማ ዘብ ስትጠብቅ ኖራለች።

አለቃው ግንባሩን ጭቃው ላይ ደፋ።

«ምንም እንዳልተደረገ አድርጌ ልነግርህ አልችልም» አለችው።

«አትንገሪኝ።»

«ተደርጓል።»

«ተደርጓል፣ እህቴ።»

«ይቅር ልልህ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ብል ግን ስለተደረገ ነው። ያልተደረገ ነገር ይቅርታ ምን ያደርግለታል?» አካፋውን ገፋችለት። «በል ተነስ። ፍሙ ሊጠፋብን ነው።»

ፀሐይ ከግንቡ በታች ስትወርድ እጇን አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደገና ተንበረከከች። አንደኛው ደረቅ። ሁለተኛው ደረቅ። ሦስተኛው ላይ ቆየች፤ እጇን አንስታ ሌላኛውን እጅ አሳረፈች። ከውስጥ የሚወጣው አየር እንደ ቆላ ነፋስ ነበር።

ተነሳች። ወናፍ ነፊውን አላየችም።

«ደርቋል» አለችው አለቃውን፣ ፊት ለፊት።

እሱም አልጠየቀም። ቆርቆሮውን ጨመረ፤ የቀለጠው ነሐስ ከቀይ ወደ ወርቅ፣ ከወርቅ ወደ ነጭ ዞረ። ሰዎቹ ከግንቡ ኋላ ገቡ። ዘንጉን አነሳ።

«ራቂ እንግዲህ።»

«ንቀለው» አለች፤ አጠገቡ ቆማ።

«እህቴ...»

«ብቻህን አልተውህም። ንቀለው!»

«እትዬ! ከግንቡ ኋላ!» ብሎ ጮኸ ወናፍ ነፊው።

«አንተ ወናፍህን ያዝ!»

ዘንጉ ውታፉን መታው። አንዴ። ደገመው። ብርሃን ፈሰሰ።

ሌላ ስም የለውም። እቶኑ ሆዱን ከፈተና ብርሃን በማፍሰሻው መስመር ላይ እየተሳበ፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ችኮላ፣ ወደ ምድር ገባ። ግንቡ፣ ሰማዩ፣ የሰዉ ፊት ሁሉ ወርቅ ለበሰ። ከመተንፈሻዎቹ ሰማያዊ ነበልባል ዘለለ፤ ከመሬት ሥር አንድ ትልቅ ነገር ከእንቅልፉ እየነቃ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ሴትዮዋ ትንፋሿን ይዛ ሦስተኛውን መተንፈሻ ብቻ ታያለች። አሁን ነው። ከሆነ አሁን ነው።

አልፈነዳም።

ከመጀመሪያው መተንፈሻ አፍ ነሐሱ ብቅ አለ፤ እንደ ዓይን ክብ፣ የሚያበራ። ከሁለተኛው ብቅ አለ። ሦስተኛው ዘገየ፣ ዘገየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እስከ አፉ ሞላና ቀጥ አለ። ቅርጹ ጠገበ።

 መጀመሪያ የተንበረከከው ገዢው ይሁን ወይ ያቺ የመንገድ ዳሯ ሴት፣ ማን አይቶ? ስትዞር ግቢው በሙሉ ተንበርክኮ ነበር። አለቃው ዘንጉን እንደያዘ ያነባል። የሞተውን እጁን እሷ በሁለት እጇ ይዛዋለች። መቼ እንደያዘችው አታውቅም።

አባ ጌታ ያስተማረውን ጸሎት በደከመ ድምፃቸው ጀመሩ። ሕዝቡ ተቀበለ። ከግንቡ ኋላ፣ ከጎዳናው፣ ከጣሪያ ላይ፣ ድምፁ እየተቀጣጠለ መጣ። እሷም ዓይኗን ከሦስተኛው መተንፈሻ ሳትነቅል፣ ነሐሱ ከነጭ ወደ ወርቅ፣ ከወርቅ ወደ ቀይ ሲመለስ እያየች፣ ከሁሉም ጋር ደገመች።

ያንን ቦታ ዝም ሳትል እንዳለፈችው የገባት ከአሜን በኋላ ነበር።